ራም ማስጨመር፦ የአንድ የጥገና ሥራ ታሪክ ከሐዋሳ ምሥራቅ

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ጥገና ራሱን ችሎ ብዙም አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ከፎቶ ኮፒ፣ ከጽሕፈትና ከሞባይል ጥገና ጋር በአንድ ጠባብ ሱቅ ተዳብሎ ይኖራል። ጠጋኙ ከሚሠራቸው ሥራዎች አጭሩ ራም መጨመር ነው። የላፕቶፑ የሥር ክዳን ይፈታል፣ አሮጌው ራም ይነቀላል፣ ትልቁ ይሰካል፣ ክዳኑ ይመለሳል። ደንበኛው ቁጭ ብሎ ጠብቆ ይዞት የሚሄደው ሥራ ነው። አጭር ይሁን እንጂ የዓለም የቺፕ ፋብሪካዎች፣ የብር ምንዛሪ፣ የፊደል ብዛትና ከባሕር ማዶ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ታሪኩም ከከተማዋ ዕድሜ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ራም ኮምፒዩተር በሥራ ላይ ሳለ የያዘውን ሁሉ የሚያቆይበት ጊዜያዊ ማኖሪያ ነው። መብራት ሲጠፋ በውስጡ ያለው ይጠፋል። ፋይሎች በቋሚነት የሚቀመጡት በሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ይሁንና ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚሠራው ራም ላይ ካለው ጋር ብቻ ነው። ራሙ ሲሞላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስክ ላይ ቦታ ይበደራል። ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ተጠቃሚው “ኮምፒዩተሬ ተጨናነቀ” የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ራም የሚጨመረው ይህን ብድር ለማስቀረት ነው እንጂ ፕሮሰሰሩን ለማፍጠን አይደለም። ያልሞላ ራም ላይ ሌላ ቢጨመር የሚገኘው ለውጥ ጥቂት ነው።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር አይ.ቢ.ኤም. 1401 የተባለውን ኮምፒዩተር ለዓለም ገበያ አስተዋወቀ። የዚያ ማሽን ማኖሪያ በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የተሰኩ ጥቃቅን መግነጢሳዊ ቀለበቶች ስብስብ ነበር። ትንሹ ማሽን 1,400፣ ትልቁ 16 ሺህ ፊደላት ብቻ ይይዝ ነበር። ቀለበቶቹ በሽቦ የሚሰኩት በአብዛኛው በሴት ሠራተኞች እጅ ነበር፤ ዋጋው የናረውም ለዚህ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ የአይ.ቢ.ኤም. የሒሳብ መሣሪያዎች በአዲስ አበባ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገብተው ነበር። ማኖሪያ መጨመር ማለት ግን ከአምራቹ ኩባንያ ጋር ውል መግባት ነበር፤ ለጠጋኝ የሚተርፍ ሥራ አልነበረም።

ቀለበቱን ከገበያ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ያሰበውና በ1968 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። አንድ ትራንዚስተርና አንድ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ካፓሲተር ተጣምረው አንድ ቢት ይይዛሉ። ካፓሲተሯ ስለምታንጠባጥብ በየሴኮንዱ ደጋግሞ መሙላት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በስተቀር አሠራሩ ቀላል ነው፣ እየጠበበም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንቴል ለገበያ ያቀረበው 1103 የተባለው ቺፕ 1,024 ቢት ይይዝ ነበር። ዛሬ ከምሥራቅ ሱቆች በአንዱ የሚሰካው 8 ጊጋባይት ራም የዴናርድ ዘዴ ልጅ ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ በመነሻው 16 ኪሎባይት ብቻ ይዞ ይሸጥ ነበር። ለመጨመር የፈለገ ሰው ቺፖቹን አንድ በአንድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካ ነበር። የቺፕ እግር ቀጭን ነው፤ አንዱ ከታጠፈ ማሽኑ አይነሣም። ለጥገና ሥራ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1983 ዋንግ ላቦራቶሪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያመጣው ሐሳብ ነው። ቺፖቹ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ተበየዱ፤ ሰሌዳው እንዳለ የሚሰካና የሚነቀል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ራም ለመጨመር መሐንዲስ መሆን አላስፈለገም። እጁ የማይንቀጠቀጥና የትኛው ሰሌዳ ከየትኛው ማሽን ጋር እንደሚስማማ የሚያውቅ ሰው በቂ ነበር። ሙያው የቆመው በሁለተኛው ችሎታ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች 30 ፒን ነበራቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚያቀብሉትም 8 ቢት ብቻ ነበር። 386 እና 486 የሚባሉት ማሽኖች 32 ቢት ስለሚጠይቁ ሰሌዳዎቹ አራት አራት ሆነው መግባት ነበረባቸው። አራት ባለ 1 ሜጋባይት የነበረው ሰው ለማሳደግ ሲፈልግ አንድ ገዝቶ አይጨምርም፤ ባዶ መሰኪያ ከሌለው አራቱን አውጥቶ አራት ባለ 4 ይገዛል። 72 ፒን ያለው ሲመጣ በ486 ላይ አንዱ ብቻውን ሠራ፤ በፔንቲየም ላይ ግን እንደገና ጥንድ ተጠየቀ። ይህ ሁሉ በገዢው ኪስ ላይ የሚያርፍ ነገር ነበር።

ያ ኪስ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሜጋባይት ራም በዓለም ገበያ 30 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም በሚመነዘርበት ዘመን 4 ሜጋባይት ወደ 250 ብር ይደርስ ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ብር ወደ 5 ለ1 ሲወርድ ያው ራም፣ አንድ ሳንቲም እንኳ በውጭ ሳይጨምር፣ 600 ብር ሆነ። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ደግሞ በጃፓን ኒሃማ ከተማ የሚገኝ የሱሚቶሞ ኬሚካል ፋብሪካ ፈነዳ። ፋብሪካው ቺፕ የሚታሸግበትን ሙጫ ያመርት ስለነበርና ከዓለም ፍላጎት አብዛኛውን ስለሚሸፍን የራም ዋጋ በጥቂት ሳምንታት በእጥፍ ገደማ ዘለለ። በኦፊሴላዊው ምንዛሪ የሚሠራ ይህ ስሌት እንኳ ዝቅተኛው ነው፤ ትንሽ ነጋዴ ዶላሩን ከባንክ ሳይሆን ከጥቁር ገበያ ሲያገኝ ሒሳቡ ከዚህ ይከፋል።

በዚያ ዘመን አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒዩተር ሌላም ችግር ነበረበት፤ እሱም ከማኖሪያ ጥበት የመነጨ ነው። አንድ ፊደል በአንድ ባይት ሲወከል 256 ምልክቶች ብቻ ይገባሉ። ፊደል ገበታው 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩበት ከ256 ያልፋል። ስለዚህ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፍለው ያስቀምጡ ነበር። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በጽሕፈት ሱቆች የታወቁት በዚህ ዘመን ነው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የሚበላሸውም ሁሉም ፊደሉን የከፋፈለው በየራሱ መንገድ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ። ዛሬ በኢንተርኔት በተለመደው አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ አንድ የላቲን ፊደል 1 ብቻ። አማርኛ በዚህ ምክንያት ራም ይሞላል የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። ሙሉ መጽሐፍ እንኳ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ ራም የሚበላው ፎቶ፣ ቪዲዮና የድረ ገጽ ማሰሻ ነው።

በሐዋሳ የኮምፒዩተር ገበያ እንዲያድግ ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የሕዝብ ብዛት። ከተማዋ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ስለነበረች በርካታ ቢሮዎች ነበሯት። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስሙን ያዘ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ70 ሺህ በታች የነበረው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. ከ150 ሺህ በላይ ሆነ። ተመራቂ ወረቀቱን በእጅ መጻፍ ትቶ ማስጻፍ ሲጀምር፣ ለዚያም የጽሕፈት ሱቅ ሲከፈት፣ ሱቁ ደግሞ የሚጠግንለት ሰው ሲፈልግ ሙያው ሥር ሰደደ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የኢንተርኔት ቤቶች ወደ ክልል ከተሞች ሲደርሱ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ዴስክቶፕ የሚያሠራ ባለቤት ተፈጠረ። አንድ ራም ሲበላሽ አንድ ወንበር ባዶ ስለሚሆንበት ጠጋኝን በስልክ የሚጠራው እሱ ነበር።

የዚያ ዘመን ፍላጎት ልኬት ዊንዶውስ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ዊንዶውስ 4 ሜጋባይት ይበቃኛል ይል ነበር፤ በእርግጥ ለመሥራት 8 ያስፈልገው ነበር። በ2001 የወጣው ኤክስፒ ቢያንስ 64፣ ሲመከር 128 ሜጋባይት ጠየቀ። በ2007 ቪስታ 512 አለ፣ ያም በቂ እንዳልሆነ የተጠቀመበት ሁሉ ያውቀዋል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ለጠጋኙ ገቢ ሆነ። በበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም በቢሮ ግዢ የመጣ ባለ 128 ሜጋባይት ማሽን ሌላ 256 ሲጨመርለት ከመጣል ተርፎ ዓመታት ይሠራ ነበር። ኤክስፒ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ጊዜ የቆየው ሰዎች ስለወደዱት ብቻ አይደለም፤ በእጃቸው ያለው ራም ለሌላ ስለማይበቃም ነው።

ራም መምረጥ አስቸጋሪ የሆነው ትውልዶቹ መብዛት ሲጀምሩ ነው። 168 ፒን ያለው ኤስዲራም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 184 ፒን ያለው ዲዲአር መጣ፤ በ2003 ዲዲአር2፣ በ2007 ዲዲአር3፣ በ2014 ዲዲአር4፣ ከ2021 ጀምሮ ዲዲአር5 በገበያ ታየ። እያንዳንዱ ትውልድ ከቀደመው ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፦ ዲዲአር 2.5 ቮልት፣ ዲዲአር2 1.8፣ ዲዲአር3 1.5፣ ዲዲአር4 1.2፣ ዲዲአር5 1.1። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ሊቃጠል ስለሚችል አምራቾቹ በሰሌዳው የታችኛ ጠርዝ ላይ ያለውን ክፍተት ከቦታ ቦታ እያዛወሩ መሰኪያው የማይቀበለው አደረጉት። ዲዲአር2 እና ዲዲአር3 ለዴስክቶፕ ሁለቱም 240 ፒን አላቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ክፍተቷ ብቻ ናት። በጉልበት የተጫነ ራም ማዘርቦርዱን ይሰብራል።

የላፕቶፕ ራም ደግሞ ግማሽ ያህል አጠር ያለ ነው፤ የዴስክቶፑ 133 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የላፕቶፑ ከ70 አይበልጥም። ዲዲአር2 በ200፣ ዲዲአር3 በ204፣ ዲዲአር4 በ260 ፒን ይሠራል። መለያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለማያውቀው ምሥጢር ይመስላል እንጂ ሁሉንም ይናገራል። ፒሲ3-12800 ሲል ዲዲአር3 ሆኖ በሴኮንድ 12,800 ሜጋባይት ያቀብላል ማለት ነው፤ ለ8 ሲካፈል 1600 ይሆናል፣ ሰው በተለምዶ የሚጠራው ፍጥነት እሱ ነው። ከ3 ቀጥሎ ኤል የሚል ፊደል ካለ በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው። ይህች አንዲት ፊደል በላፕቶፕ ጥገና ብዙ ጊዜ አሳስታለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጡ አራተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው አብዛኞቹ ላፕቶፖች ኤል ያለውን ብቻ ይቀበላሉ፤ ኤል የሌለው ሲሰካ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በተገላቢጦሽ ግን ኤል ያለው በአሮጌው ማሽን ላይ በ1.5 ቮልትም ይሠራል። ስለዚህ ብዙ ዕቃ ማስቀመጥ የማይችል ሱቅ ኤል ያለውን ቢያከማች ያዋጣዋል።

ሥራው የደመቀበት ዘመን የዲዲአር3 ዘመን ነው። ከዱባይና ከሌሎች ገበያዎች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ ያገለገሉ ቶሺባ፣ ዴል፣ ኤች.ፒ.ና ሌኖቮ ላፕቶፖች በመርካቶና በመገናኛ ነጋዴዎች እጅ አልፈው 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሐዋሳ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለት መሰኪያም አላቸው። ገዢ “ኮር አይ 5፣ ስንት ራም?” ብሎ ነው የሚጀምረው። ነጋዴው ራሙን ከ4 ወደ 8 አድርጎ ቢሸጥ ማሽኑ ከፍ ባለ ደረጃ ይሸጣል፤ የተጨመረው ሰሌዳ ግን ከሌላ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ያልተቃጠለ ራም ዕድሜው ረጅም ነው፣ ከላፕቶፕ አካላት ሁሉ ይልቅ ሁለተኛ ሕይወት የሚገባው እሱ ነው።

በዚያው ዘመን ገዢ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣበት ነገርም ነበር። 32 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አያይም፤ በተግባር ከሦስት ጊጋባይት ብዙም አያልፍም፣ ቀሪው አድራሻ ለሌሎች አካላት ስለሚያዝ። 4 ጨምሮ 8 ያደረገ ተማሪ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ወደ 64 ቢት ካልቀየረ ያገኘው ቁጥር ብቻ ነው። በአተም ፕሮሰሰር የሚሠሩት ትንንሽ ላፕቶፖች ደግሞ በርካቶቹ ከ2 ጊጋባይት በላይ ጨርሶ አይቀበሉም ነበር። ጥሩ ጠጋኝ ራም ከመሸጡ በፊት የማሽኑን ከፍተኛ ልክ ያያል። ሁለት እኩል ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ሲገቡ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ከአንድ ትልቅ ሰሌዳ ይልቅ ጥንድ ይሻላል፤ በተለይ ስክሪኑን የሚያሠራው ክፍል የራሱ ማኖሪያ ለሌለው ላፕቶፕ።

ራም ሳይጨመርም የሚሠራ ጥገና አለ። ኮምፒዩተር ሲነሣ ደጋግሞ ከጮኸና ስክሪኑ ካልበራ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራም ነው። አቧራና እርጥበት በፒኖቹ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ። ጠጋኙ ራሙን ነቅሎ ፒኖቹን በተራ የእርሳስ ላጲስ ያሻቸዋል፣ ፍርፋሪውን ያራግፋል፣ መልሶ ይሰካል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይነሣል። ሥራው ቀላል በመሆኑ ለዋጋው የሚከራከር ደንበኛ አይጠፋም፤ ክፍያው ግን ለላጲሱ ሳይሆን ችግሩን ለማወቁ ነው። ከዚህ በፊት ባትሪውን መንቀልና ሰውነትን በብረት በማስነካት ስታቲክ ኤሌክትሪክን ማስወገድ ያስፈልጋል፤ በደረቁ የበጋ ወራት በተለይ።

ዋጋው አልረጋም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 በቻይና ዉሺ የሚገኘው የኤስ.ኬ. ሃይኒክስ ፋብሪካ ሲቃጠል የራም ዋጋ በመላው ዓለም ወጣ። በ2017 እና በ2018 ስልኮችና የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያውን ሲሻሙ እንደገና ናረ። በኢትዮጵያ በኩል ብር በነሐሴ 2002 እና በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ረከሰ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 20 ዶላር የሚያወጣ ራም በባንክ ስሌት ከ1,150 ብር ገደማ ወደ 2 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቺፑን ጠራርገው ሲወስዱ የራም ዋጋ ዳግም ተተኮሰ፤ ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ አምራች ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። ያገለገለ ራም የሚሰበስብ ጠጋኝ በእንዲህ ያለው ጊዜ ከአዲስ ሻጩ ይሻላል።

ከዋጋው ይልቅ ሙያውን የሚያሳንሰው ብየዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአፕል ማክቡክ ኤር ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነበር፤ በ2012 ሬቲና ስክሪን ያለው ማክቡክ ፕሮም ተከተለ። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖችም ወደዚያው አመሩ። ያገለገሉ ሆነው ከሚመጡት መካከል ሌኖቮ ቲ480 ሁለት መሰኪያ ነበረው፤ ተከታዩ ቲ490 አንዱን ራም በይዶ አንድ መሰኪያ ብቻ አስቀረ። ኤክስ1 ካርቦን የተባለው ደግሞ ከመጀመሪያው አንስቶ መሰኪያ የለውም። አምራቾቹ የተበየደው ራም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይፈጥናልም ይላሉ፤ እውነት ነው። ገዢው ግን የሚያስፈልገውን ልክ በመጀመሪያው ቀን መወሰን አለበት። 4 ጊጋባይት ራም የተበየደበት ላፕቶፕ ርካሽ ነው ብሎ የገዛ ሰው ኋላ የሚያድነው ጠጋኝ የለም።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ለውጥ መጥቷል። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ሲረክስ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ጋር መቀየሩ በብዙ ማሽኖች ላይ ራም ከመጨመር የበለጠ ለውጥ አመጣ። ራም ለማስጨመር የሚመጣ ደንበኛ ችግሩ ዲስኩ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሲወጣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ጠየቀ፤ ይህን የሚያሟሉ ብዙ ማሽኖችን የከለከላቸው ግን የፕሮሰሰራቸው ዕድሜና ቲፒኤም የተባለው የደኅንነት ቺፕ ነው። ከዚያ ወዲህ ራም ብቻውን ማሽንን ለአዲሱ ዊንዶውስ ማብቃት አልቻለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ለእነዚህ ማሽኖች የቀረው አማራጭ በ10 መቆየት ወይም ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ መጫን ነው፤ ለሁለተኛው 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ዛሬም በቂ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ጄዴክ የተባለው የቺፕ መስፈርት አውጪ ካም2 ለሚባል ጠፍጣፋ፣ በብሎን የሚታሰር የራም ሰሌዳ መስፈርት አጽድቋል። የተበየደውን ራም ፍጥነትና ቁጠባ ይዞ የሚነቀል እንዲሆን የታሰበ ነው፤ እስካሁን የተገጠመባቸው ላፕቶፖች ጥቂትና ውድ ናቸው። በሐዋሳ የሚሸጡት ላፕቶፖች በአብዛኛው ከተመረቱ ዓመታት ያለፏቸው በመሆናቸው ይህ መሰኪያ ወደ ጥገና ሱቆች ለመድረስ ጊዜ ይወስድበታል። እስከዚያው በጠረጴዛው ላይ የሚወጡት የዲዲአር3 እና የዲዲአር4 ማሽኖች ናቸው፤ ጠጋኙም ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሞዴሉን ቁጥር አይቶ መሰኪያ እንዳለውና እንደሌለው ያጣራል።